ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ስለ ምን ይቋረጣል?

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ ጥቂት ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ለብዙዎቻችሁ ተራ መስሎ ስለሚታይ አንድ ነገር ነው። ይኸውም በመኪና ውስጥ የተገጠመ የሙዚቃ መሣሪያ ዝግ ብሎ ሲዘፍን ደኅና ቆይቶ፤ ድምፁን ከፍ ባደረጉት ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ፤ ልጆቻችን ቤዝ የሚሉት፤ በድንገት እየተቋረጠ ቀጭኑ ብቻ ስለሚቀርበት ምክንያት ነው። «በራዲዮ የሚነገር ቁም ነገር ጠፍቶ ነውን?» የሚል አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ራሴ እስካለፈው ጥር ወር ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር።

በዚያ ወር ለዘመድ ሠርግ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። አገሩን ያያችሁ እንደምታውቁት ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ከፍ ብላ፤ ሴቻና ሲቀላ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍላ የምትገኝ ናት። ከጋሞ ደጋ የሚወርደው የኩልፎ ወንዝም በአጠገቧ አልፎ ወደ ጫሞ ይገባል። የእኅቴ ልጅ በዚያው ከተማ ሚኒባስ እየነዳ ይተዳደራል። በአዘቦት ቀን በሴቻና በሲቀላ መካከል ተሳፋሪ ያመላልሳል፤ በሠርግ ወራት ደግሞ መኪናውን በአበባ አስጊጦ ሠርገኛ ያጅባል። ሠርገኛ የሚፈልገው ደግሞ ድምፅ ነው፤ ድምፁ የደከመ መኪና ሁለተኛ አይጠራም። ስለዚህ ልጁ ከኋላ መቀመጫ ሥር አምፕሊፋየር፤ ከበስተኋላው በር አጠገብ ደግሞ በሣጥን ውስጥ ያለ ትልቅ ዉፈር አስገጥሞ ነበር።

ሠርገኞቹ የኩልፎን ድልድይ በዝግታ ስንሻገር ቤዙ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፤ ደግሞ ጠፋ። የፊት መብራቶቹ ከከበሮው ምት ጋር አብረው ደብዘዝ ቦግ ይሉ ጀመር። በመኪናው ውስጥ ያሉት የጋሞ አባቶች ግን ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፤ ያለ መሣሪያ ድምፃቸውን በየወገኑ ከፋፍለው በሚያዜሙት በአገራቸው ዜማ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ሞሉት። እውነቱን ለመናገር እነርሱ የሞሉት ከማሽኑ የሚሻል ነበር። ዳሩ ግን ዜማው ሳያልቅ ከኋላ መቀመጫ ሥር የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። በውስጡ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሕፃናት ናቸው። ልጁ ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ ሁላችንንም አስወረደን፤ እኔም ከባትሪው ላይ የኔጋቲቩን ሽቦ ፈታሁት። እሳት አልተነሣም። ነገር ግን ምንጣፉን ብንገልጠው ቀዩ ሽቦ ሞተሩን ከውስጡ ክፍል በሚለየው ብረት ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ልባሱ ተልጦና ቀልጦ አገኘነው።

«ፊውዙስ የት አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፤ ሁለት ጊዜ ተቃጠለብን፤ ለሦስተኛው ጊዜ እንዳይቃጠል አውጥተን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተካንበት፤» አለኝ።

በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ልጅ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ አይደለም። እርሱ የሰማው ምክር በየከተማው የሚሰጥ ምክር ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ስለ ሽቦው ሲል ነው እንጂ ስለ አምፕሊፋየሩ ሲል አይደለም። አንድ ደኅና የመኪና ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ ቢገናኙበት በመቶ የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ይለቃል፤ ይህም ሽቦን እንደ ምድጃ ብረት ሊያግል የሚችል ኃይል ነው። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይርቅ፤ ሽቦው ወደ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት መቀመጥ ይኖርበታል፤ መጠኑም ሽቦው ሊሸከመው ከሚችለው የሚበልጥ መሆን የለበትም። ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍም የጎማ ቀለበት ሊደረግለት ይገባል፤ ያለዚያ የብረቱ ጠርዝ በየዕለቱ መንቀጥቀጥ ልባሱን እየላጠ ከገላው ጋር ያገናኘዋል። በእኛ ሚኒባስ ላይ የሆነው በትክክል ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቤዙ ልመለስ። በኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከልጁ ጋር በዚያ መኪና ላይ ሠራን። በመጀመሪያ የጠየቀኝ፤ «ሌላው ድምፅ ሁሉ ደኅና ሲሆን ስለ ምን ቤዙ ብቻ ይጠፋል?» ብሎ ነበር። መልሱ ቤዝ ከሁሉ ይልቅ ኃይል በላተኛ መሆኑ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፤ የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ጋር እኩል አድርጎ እንዲሰማው ወፍራሙ እጅግ መበርታት አለበት። የስፒከሩም ነገር እንዲሁ ነው። በሴኮንድ 80 ጊዜ ከሚርገበገበው ድምፅ 40 ጊዜ ወደሚርገበገበው ስንወርድ፤ ያንኑ ብርታት ለማሰማት የስፒከሩ ሸራ አራት እጥፍ ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» ለሚለው ድምፅ የኤሌክትሪኩ ኃይል በእጥፍ ብቻ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። እንግዲህ የቴፑ ቁልፍ በጣት ትንሽ ሲዞር ከባትሪው የሚጠየቀው ብዙ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። 500 ዋት ለዉፈሩ የሚያቀብል አምፕሊፋየር ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 80 እጁን አሳልፎ የቀረውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ቢሆን፤ 625 ዋት መውሰድ አለበት። ይህም በ12.5 ቮልት ሲካፈል 50 አምፔር ይሆናል። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች የሚወስዱት 9 አምፔር ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ፤ አምፕሊፋየሩ በምቱ ቅጽበት አሥር መብራቶች የሚበሉትን ይበላል ማለት ነው።

ለአርባ ምንጭ ልጅ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከምንጮቹ የሚሳብ ውሃ በጠባብ ቧንቧ ቢመጣ አንዲት ሴት ብቻ ስትቀዳ እንስራዋ ቶሎ ይሞላል። ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቧንቧውን ሲከፍት ግን ምንጩ ሳይጎድል፤ ጋኑም ሳይደርቅ፤ በቧንቧው ጫፍ ላይ ያለው ግፊት ይወድቃል። ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1827 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ የሚናገረው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አምፔር በሽቦው መከላከል ሲባዛ የሚገኘው ነው። አምፔሩ ትንሽ ሲሆን ጥፋቱ አይታወቅም፤ ሲበዛ ግን አምፕሊፋየሩ ዘንድ የሚደርሰው ቮልት ይወርድና ማሽኑ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ሲዘጋ አምፔሩ ስለሚቆም ቮልቱ ተመልሶ ይነሣል፤ ማሽኑም ይከፈታል፤ ደግሞ ይዘጋል። በኩልፎ ድልድይ ላይ የሰማነው ይህንን ነበር።

ሠርግ ላይ መሆናችንም ነገሩን አባብሶታል። የሠርግ መኪና እንደ እግረኛ ይራመዳል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ዲናሞው ከሙሉ ጉልበቱ በጣም ያነሰውን ነው የሚያመነጨው። በዚያ ላይ መብራቱ በርቷል፤ ክላክሱ ይጮኻል፤ ማቀዝቀዣውም ይነፍሳል። ልጁ፤ «ለብቻዬ ስነዳ አንዳንድ ቀን አይቋረጥም፤ ሠርግ ላይ ግን ሁልጊዜ ያዋርደኛል፤» ያለኝ እውነቱን ነበር።

ጥፋቱ የት እንዳለ የሚናገረው ቴስተር ነው፤ በዋጋውም ከአንድ ዉፈር በብዙ እጅ ይረክሳል። ሞተሩ ሳይነሣ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይደርሳል። ልጁን ከፊት አስቀምጬ በስልኩ ላይ የተጫነ ሳይቋረጥ የሚያጎራ ወፍራም ድምፅ ለጥቂት ሴኮንድ እንዲያሰማ አደረግሁት፤ የዘፈን ምት ፈጣን ስለሆነ የቴስተሩ ቁጥር ሊከተለው አይችልምና። በዚያች ቅጽበት በባትሪው ላይ 13.2 ቮልት ሲኖር፤ በአምፕሊፋየሩ ላይ የተገኘው 10.4 ብቻ ነበር። 2.8 ቮልት በመንገድ ጠፍቷል ማለት ነው።

በየትኛው መንገድ እንደ ጠፋ ለማወቅ ደግሞ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፤ ሌላውን ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ አድርገን ለካን፤ 0.7 ቮልት ሆነ። ለዚህም ረጅም ሽቦ ማስረዘሚያ አድርገን ነበር። ቀጥለን በኔጋቲቩ በኩል እንዲሁ ብናደርግ 2.1 ቮልት አገኘን። እንግዲህ ሌባው በማሳው በኩል ነበር። ማሳ መካኒኮቻችን በመኪናው ብረት አማካይነት ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መንገድ የሚጠሩበት ስም ነው። ሽቦውን የገጠመው ሰው ከመቀመጫው ቡሎኖች በአንዱ ሥር፤ በቀለሙና በዝገቱ ላይ አጥብቆት ሄዷል። ቡሎኑ ለዓይን ጠንካራ ነው፤ በእጅም አይነቃነቅም። ነገር ግን ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። 2.1 ቮልት በ50 አምፔር ቢባዛ በዚያች ቡሎን ሥር ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ይነድ እንደ ነበር ያሳያል፤ አንዲት ትንሽ የሻይ ማፍያ በመቀመጫው ሥር ተቀምጣ ነበር ለማለት ይቻላል።

ቀለሙን በወረቀት ብርጭቆ ፍቀን ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አጸዳነው። የማሳውን ሽቦ ከፖዘቲቩ እኩል አወፈርነው፤ ርዝመቱንም ከግማሽ ሜትር በታች አደረግነው። ቡሎኑን አጥብቀን ዝገት እንዳይመለስበት ግራሶ ቀባነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻንሲው የሚሄደውንም ሽቦ እንዲሁ አደረግነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ በኋላ ብንለካው 2.1 የነበረው 0.2 ሆነ።

ስለ ፖዘቲቩ ሽቦ አንድ ነገር ልጨምር። በገበያ ላይ ልባሱ ወፍራም፤ ውስጡ ግን ቀጭን የሆነ ሽቦ ሞልቷል። እንዲሁም ውጭው መዳብ የተቀባ፤ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ አለ፤ ጫፉን በቢላ ብትፍቁት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ሽቦ ከንጹሕ መዳብ ጋር እኩል ለመሥራት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ መወፈር ይኖርበታል። ንጹሕ መዳብ ሆኖ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ 5 ሜትር ሽቦ በ50 አምፔር 0.7 ቮልት ያህል ያጠፋል፤ ውፍረቱ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ጥፋቱ ከሩብ ቮልት በታች ይወርዳል። ሻጩ ስለ ሽቦው ውፍረት ሲናገር፤ «የልባሱን ነው ወይስ የመዳቡን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በዚህ የተፈጸመ መስሎን ደስ ብሎን ነበር፤ ግን አልተፈጸመም። በማግሥቱ በቀትር ለሃያ ደቂቃ ያህል በብርቱ ብናዘፍነው ቤዙ እንደገና ጠፋ። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ በምቱ እየተከተለ ወዲያው አልተመለሰም፤ ብዙ ደቂቃ ዘገየ። ይህ ልዩነት ከቴስተር በፊት የሚናገር ምልክት ስለሆነ ልብ እንድትሉት እለምናለሁ። ጠፍቶ በቅጽበት የሚመለስ ከሆነ የቮልት ማነስ ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል ብቻ የሚመለስ ከሆነ ሙቀት ነው፤ አጥፍተው እስኪያበሩት ድረስ ጨርሶ የማይመለስ ከሆነ በስፒከሩ ሽቦ በኩል መነካካት አለ፤ ሣጥኑን ሲመቱት ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲመታ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የላላ ሽቦ አለ። የአምፕሊፋየሩ ትንሽ መብራትም ትረዳለች። ቤዙ ሲጠፋ መብራቷ ወደ ቀይ ከተለወጠች ማሽኑ ራሱን ዘግቷል፤ እንደ ወትሮዋ ከበራች ግን ነገሩ ከቴፑ በሚመጣው ገመድ ወይም ወደ ዉፈሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ሊሆን ይችላል።

የእኛው ማሽን ሙቀት ነበረበት። ከመቀመጫ ሥር፤ በምንጣፍ ተሸፍኖ፤ በአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት አይግል? ምንጣፉን ቆርጠን አየር የሚያልፍበት ቦታ ሰጠነው። ነገር ግን ለሙቀቱ ሌላም ምክንያት ነበረው። ልጁ ቤዙ የደከመ መስሎት ሁለተኛ ዉፈር ገዝቶ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አገናኝቶታል። ሁለት ባለ 4 ኦም ዉፈሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለት መስመሮቹ ተጣምረው ሲሠሩ ከ4 ኦም በታች እንዳይጫንበት ከሥሩ በታተመው ጽሑፍ ላይ ተነግሯል። ያ ጽሑፍ ከምንጣፉ በኩል ስለ ነበረ ያነበበው ሰው አልነበረም። በተራ፤ አንዱን ከአንዱ አስከትለን ብናገናኛቸው 8 ኦም ይሆናሉ፤ ማሽኑ ያርፋል፤ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። አንዱን ብቻ ማስቀረትን መረጥን።

ሁለተኛውን ዉፈር ስንለካው ሌላ ጉድ ተገኘበት። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ4 ጥቂት አንሶ መታየቱ የተለመደ ነው። ይህኛው 3.4 አሳየ፤ ሸራውን በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ ስገፋው ግን ቁጥሩ ጠፋ። ወደ ጥቅሉ የሚወስደው የተሸረበ ሽቦ ተቆርጦ በክር ብቻ ተይዞ ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ ይገናኛል፤ ሸራው በብርቱ ሲወዛወዝ ይለያያል። ስንት ዉፈር «ደኅና ነው» ተብሎ እንደዚህ ሆኖ ይሸጥ ይሆን!

ስለ ካፓሲተሩ አጭር ቃል ልናገር፤ ልጁ እርሱንም ገዝቶ ነበርና። ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ወደ 12 ቮልት ሲወርድ የሚለቀው 26 ጁል ያህል ነው፤ ይህም 500 ዋት ለሚበላ ማሽን ከአንድ ሴኮንድ ሃያኛው ክፍል አይበልጥም። መብራቱ የሚያምር ጌጥ ነው። በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው፤ ቤዝ የምትጨምረው ትንሽ ቁልፍ ደግሞ ከዚህ የባሰች ተንኰለኛ ናት። እስከ መጨረሻ ስትዞር 12 ዲሲቤል የምትጨምር ከሆነ፤ በዚያ ድምፅ ላይ 16 እጥፍ ያህል ኃይል ትጠይቃለች። ወደ ዜሮ መለስናት። ሌላውን፤ ጌን የሚባለውን ቁልፍ ብዙ ሰው የድምፅ ቁልፍ ያደርገዋል፤ ሥራው ግን አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር ማስማማት ነው። ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛው ከፍቶ፤ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ድረስ ጌኑን ቀስ እያሉ ማሳደግ፤ ሲሻከርም ጥቂት መመለስ ነው።

በዚህ ረገድ አድማጮቼ ከምትነዱት መኪና የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ምንም ያልተጨመረበት፤ ከፋብሪካው እንደ መጣ ያለ መኪና ኖሯችሁ ድምፁ ሲጨምር ቤዙ ቢቀንስ፤ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ብዙ ፋብሪካዎች ትናንሾቹ ስፒከሮች እንዳይቀደዱ፤ ድምፁ ከፍ ባለ መጠን ቴፑ ራሱ ቤዙን እንዲቀንስ አድርገው ይሠሩታል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ በመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ላይ ይህ የቮልት ነገር አለ። እነርሱ ዲናሞ የላቸውም፤ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ የሚቀንስ መሣሪያ ነው፤ አቅሙም የተወሰነ ነው። በእነዚያ ላይ አምፕሊፋየር ለመጨመር የምትፈልጉ ይህን የሚያውቅ ባለ ሙያ ሳታማክሩ ብርቱካናማ ሽቦ እንዳትነኩ አደራ እላለሁ፤ እርሱ የሚሸከመው 12 ቮልት ሳይሆን በመቶ የሚቆጠር ነውና።

ከሁለት ቀን ሥራ በኋላ ከባትሪው አጠገብ ባለ 60 አምፔር ፊውዝ ገጠምን፤ በብረቱ ቀዳዳም የጎማ ቀለበት አስገባን፤ የተላጠውን ሽቦ በናስትሮ አልጠቀለልነውም፤ ሙሉውን በአዲስ ወፍራም መዳብ ለወጥነው። ማታ ኩልፎን ስንሻገር መብራቱ በርቶ፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ፤ ቤዙ ሳይቋረጥ አለፍን። በአምፕሊፋየሩ ላይ የነበረው 12.8 ቮልት ነበር። እኔም ጆሮዬ ስላልቻለ ድምፁን እንዲቀንስ ጠየቅሁት። የአሜሪካ የሥራ ጤና ባለ ሙያዎች 85 ዲሲቤል ለስምንት ሰዓት፤ 100 ዲሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ እንዲሰማ መምከራቸውን ነገርኩት፤ ሳቀ፤ ግን ቀነሰው።

ልጁ ሁለተኛውን አምፕሊፋየርና ካፓሲተሩን በየካቲት ወር ሸጦ፤ በገንዘቡ ለሚኒባሱ ሁለት የፊት ጎማ ገዝቶበታል። የተቆረጠውን ዉፈር ግን ጉዳዩን ሳይናገር ለመሸጥ አልወደደም፤ እስካሁን በእናቱ ቤት ከአልጋ ሥር ተቀምጧል።